እናቴን በአንድ ቀን ወደ የትኛው ተራራ በባቡር ልውሰዳት? ሪጊ፣ ዩንግፍራው፣ ጎርነርግራት ወይስ በርኒና?

የሸዋዋ ከቪንተርቱር

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ስለምሠራ የዕረፍት ቀኔ እንደ ፈረቃው ይለዋወጣል። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ዘንድ ናት፤ ነሐሴ 22 ትመለሳለች። ከዚያ በፊት አንድ ሙሉ ቀን አብረን በተራራ ባቡር እንድንውል አስቤያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼን ብጠይቅ እያንዳንዱ የየአገሩን ተራራ ያወድሳል። የበርኑ ዩንግፍራው ይላል፣ የሉሴርኗ ሪጊ ትላለች፣ ከቫሌ የመጣው ደግሞ ከማተርሆርን ሌላ ተራራ መኖሩን የሚያምን አይመስልም። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ፤ እናንተ ቢያንስ የእኛን እናቶች ታውቃላችሁ።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነው። ግራ ጉልበቷን ያማታል፤ ሜዳውን ከእኔ በላይ ትሄዳለች፣ ደረጃ ሲሆን ግን በየመሐሉ ቆም እያለች ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ባቡር ለእሷ አዲስ አይደለም። በወጣትነቷ ለቁልቢ ገብርኤል ከለገሃር ተሳፍራ ድሬዳዋ ድረስ ሄዳለች፤ የዚያን ጉዞ ወሬ አንድ ቀን ብትጀምርላችሁ እስከ አዋሽ ለመድረስ ብቻ ሁለት ሲኒ ቡና ያስጠጣችኋል።

ተራራም አዲሷ አይደለም፤ የእኔም ችግር ይኸው ነው። የዩንግፍራውን ሥዕል ባሳያት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ከፍታውን ነው። ጣቢያው 3,454 ሜትር ላይ ነው አልኳት። «የእኛ ቤትስ?» አለች። ደብረ ብርሃን 2,840 ገደማ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ለዚህች ጭማሪ ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያስከፍሉት?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እስካሁን ያጠናሁትን ልናገር። ሪጊ ቅርብ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን 1,800 ሜትር እንኳ አይሞላምና እናቴ «ወደ ቆላ ወሰደችኝ» እንዳትል እሰጋለሁ። ፒላቱስ በዓለም ላይ ካሉት ባለጥርስ ባቡሮች (ጥርሳም መንኮራኩራቸው ሐዲዱን እየነከሰ ዳገት ከሚወጡት) ሁሉ ዳገቱ የሚብስበት ነው ይባላል። ዩንግፍራው ያለ ቅናሽ ለአንድ ሰው ከ200 ፍራንክ በላይ ነው። ጎርነርግራት ማተርሆርንን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ዘርማት ለመድረስ ብቻ ግን ከዙሪክ ከሦስት ሰዓት በላይ ባቡር ውስጥ መቀመጥ አለ። በርኒና ደግሞ ያ ቀዩ ባቡር ነው፣ ተራራውን አቋርጦ እስከ ጣሊያን የሚወርደው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጊዜው ፍልሰታ ነው። እናቴ እስከ ስምንት ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም። «መንገደኛ አይገደድም» ብላት «መንገዱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» ትለኛለች። ሁለተኛ፣ የአጎቴ ልጅ አብሮን ይመጣል፤ የያዘው የመኖሪያ ፈቃድ ኤፍ ነው፣ ለጊዜው እንዲቆይ ለተፈቀደለት ስደተኛ የሚሰጠው።

እንግዲህ ተራራ ላይ ተወልዳ ተራራ ላይ ላረጀች ሴት የሚሻለው የትኛው ባቡር ነው? ትኬቱንስ አሁን ልግዛ ወይስ የአየሩን ጠባይ ልጠብቅ? ቀደም ብሎ ለሚገዛ ይረክሳል ይላሉ፤ ደመና ውስጥ ከሆነ ደግሞ የረከሰው ምን ይጠቅመኛል?

---

ወጥ ቤት ሉሴርን

እህቴ፣ ሪጊ። ሌላውን ሁሉ እርሺው።

እኔ ሉሴርን ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት እሠራለሁ። ከአገር ቤት እንግዳ የመጣበት ሐበሻ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀኛል፣ መልሴም አይለወጥም። አስቀድመሽ ፒላቱስን ከዝርዝርሽ አውጪው። ባቡሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ዳገቱ እስከ 48 በመቶ ይደርሳል። ኤድዋርድ ሎኸር የሚባለው መሐንዲስ እንዲህ ባለ ዳገት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚነክስ ጥርስ ከሐዲዱ ሊዘል ይችላል ብሎ ስለሰጋ፣ መንኮራኩሮቹን አጋድሞ ከግራና ከቀኝ ሐዲዱን እንዲነክሱ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1889 የተከፈተው መስመር እስከ ዛሬ በዚያው ዘዴ ይሠራል። ነገር ግን ለዚያ ዳገት ሲባል ማሳፈሪያው ደረጃ ነው፣ የባቡሩም ውስጥ ደረጃ ደረጃ ነው። የእናትሽን ጉልበት አስቢ።

ሌላም አለ። ተራራው የጲላጦስን ስም የያዘ ነው። የጥንት ሉሴርኖች የጲላጦስ ሬሳ ተራራው ላይ ባለ ኩሬ ውስጥ ተጥሏል፣ ሰው ከነካካው ማዕበል ያስነሣል ብለው መውጣቱን ከልክለው ነበር። በእኛ ትውፊት ጲላጦስ ኋላ አምኗል ስለሚባል እናትሽ አይፈሩት ይሆናል። ደረጃው ግን ሃይማኖት አይለይም።

አሁን የሪጊን ልንገርሽ። ከሉሴርን ባቡር ጣቢያ ስትወጡ የመርከቡ ማሳፈሪያ ፊት ለፊታችሁ ነው። እስከ ፊትስናው አንድ ሰዓት ያህል በሐይቁ ላይ ትሄዳላችሁ። ሐይቁ ላይ አምስት የእንፋሎት መርከቦች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ከደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ። «ኡሪ» የምትባለው እ.ኤ.አ. በ1901 የተሠራች ናት፤ መሐል ላይ ቆማችሁ የሞተሩን ክንዶች ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። ፊትስናው ስትወርዱ ቀዩ ባቡር እዚያው ወደቡ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይወጣል፤ አንድም ረጅም ጨለማ የለበትም፣ ሐይቁ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ ታያላችሁ። ስትመለሱ በመጣችሁበት አትመለሱ። ከጫፉ ሰማያዊው ባቡር በሌላው ወገን ወደ አርት-ጎልዳው ይወርዳል፤ ከዚያ ለዙሪክ ቀጥታ ባቡር አለ።

ቆላ ነው እንዳይሉ የሰጋሽው ነገር አያስጨንቅሽ። ሪጊ ሐይቆች መሐል ለብቻው የቆመ ተራራ ነው፣ ዙሪያው ሁሉ ገደል ነው። እናትሽ ጫፉ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ የሜትሩን ቁጥር የሚጠይቁ አይመስለኝም።

---

የበርኑ

ወጥ ቤቱ ወንድማችን ሁልጊዜ ሪጊ ነው። አክብሬው ልቃወም።

አባቴን ዩንግፍራውዮኽ፣ የዩንግፍራው ባቡር መጨረሻ ጣቢያ ድረስ፣ ወስጄዋለሁ። ሰዎች «አብዛኛው ዋሻ ነው፣ ምን ይታያል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከክላይነ ሻይዴግ የሚነሣው መስመር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከምናምን ሲሆን ሰባት ኪሎ ሜትር ያህሉ በአይገርና በሞንኽ ተራሮች ሆድ ውስጥ ነው። አባቴ ግን ዕድሜውን በመንገድ ሥራ ፎርማንነት የጨረሰ ሰው ነው። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ያየው ጨለማውን አልነበረም፤ ግድግዳውን፣ ድንጋዩን፣ የውኃውን መውረጃ ነበር። ማን ቆፈረው፣ በምን ቆፈረው፣ ስንት ዓመት ፈጀ እያለ መውጫ አሳጣኝ። አዶልፍ ጉየር-ሴለር የሚባል የዙሪክ ባለ ፋብሪካ አስቦት ሥራው እ.ኤ.አ. በ1896 ተጀመረ፤ እሱ ራሱ በ1899 ሞተ፤ ባቡሩ ጫፉ ላይ የደረሰው በ1912፣ በአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ዕለት፣ ኦገስት 1 ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ አይስሜር ጣቢያ ላይ ባቡሩ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆማል፤ ዓለቱን ፈልፍለው መስኮት አበጅተውለታል፣ ከውጭ የሚታየው የበረዶ ግግር ብቻ ነው። ያ መስኮት ለእኔ ከጫፉም ይበልጣል።

የደብረ ብርሃን ሰው ውርጭ ያውቃል፤ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የበረዶ ወንዝ ግን አያውቅም። አሌች ያ ነው። እናትሽ «ለዚህች ጭማሪ ነው?» ያሉት ትክክል ነው፣ ከፍታውን ለመግዛት ከሆነ አይሂዱ። በረዶውን ለማየት ከሆነ ግን ሌላ የሚተካው የለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከግሪንደልቫልድ በትልቁ ኬብል ካር አይገርግሌቸር ጣቢያ ድረስ በሩብ ሰዓት ስለሚደረስ መንገዱም አጥሯል።

ይሁን እንጂ በጾም፣ ባዶ ሆድ፣ ከደም ግፊት ጋር እንዳትወስጃቸው። እናትሽ ቪንተርቱር ዝቅታ ላይ ሲሰነብቱ ደማቸው የለመደውን ከፍታ ቀስ በቀስ ይረሳል። ሐኪማቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ። ነሐሴም ቢሆን ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች ሊሆን ስለሚችል ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

---

እትዬ ከኩር ማዶ

ልጄ፣ ሁለቱም የነገሩሽ ጥሩ ነው፤ የጠየቅሽውን ግን አልመለሱልሽም። ትኬቱን አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ ነው ያልሽው። ተራራ የሚመረጠው በዚያ ነው፣ በውበት አይደለም። ሁሉም ያምራሉ።

እኔ ግራውቡንደን ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት የቀዩ ባቡር ድምፅ ከሚሰማበት ቤት ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳም ብዙ አስተናግጃለሁ። የማየው ነገር አንድ ነው፦ ሰው ውድ ትኬት አስቀድሞ ይገዛል፣ ቀኑ ሲደርስ ተራራው ተሸፍኖ ያድራል፣ ገንዘቡ እንዳይቃጠል ብሎ እያወቀ ይሄዳል፤ ነጭ ግድግዳ አይቶ ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ ለአገር ቤት ሰው «በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ ያወራል።

ስለዚህ ስሚኝ። አገሩን ሁሉ በባቡር፣ በአውቶቡስና በመርከብ የሚያስኬድ የቀን ትኬት አለ። ቀደም ብለሽ በገዛሽ ቁጥር ይረክሳል፤ የማዘጋጃ ቤቶችም የሚሸጡት ዓይነት አለ፣ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ይህ ትኬት ዩንግፍራው ጫፍ አያደርስሽም። ጎርነርግራትና ፒላቱስም ለየብቻ ያስከፍላሉ። ሪጊን ግን ከታች እስከ ላይ ያካትታል፣ የሉሴርን ሐይቅን መርከብ ያካትታል፣ የእኛንም ቀይ ባቡር በበርኒና በኩል እስከ ቲራኖ ያካትታል። ገባሽ? የምትገዢው ቀኑን ነው፤ ተራራውን ያን ዕለት ጠዋት ትመርጫለሽ። ገንዘቡ የማይመለስ ቢሆንም ምንም አይጎዳሽ።

ደግሞ እነዚህ ሁለቱ የሚገኙት በአልፕስ ግራና ቀኝ ነው። ደመና ከሰሜን ሲመጣ ተራሮቹ ይገቱታል፤ ሪጊ ጠፍቶ በበርኒና ማዶ ፀሐይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ከደቡብ ሲመጣ ደግሞ ይገለበጣል። ጠዋት ስትነሺ የሁለቱንም ተራራ ካሜራ በስልክሽ ክፈቺ፤ ባቡሮቹ በየጫፋቸው በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ ተክለዋል። የአየር ትንበያውን ከማንበብ ካሜራውን ማየት ይሻላል። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባልና፣ ነጎድጓድም አለና፣ በማለዳ ተነሡ።

አሁን ስለ በርኒና። ይህ ባቡር ጥርስ የለውም። ሰባት በመቶ ዳገት በተራ መንኮራኩር ይወጣል፣ እየተጠማዘዘ። መንገዱ ከቱሲስ እስከ ቲራኖ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ስትሄጂበት ምክንያቱ ይገባሻል። ከኩር ተነሥተሽ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላንድቫሰር ድልድይ ትደርሻለሽ፤ ከሸለቆው ወለል 65 ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ቀለበት ታጥፎ በቀጥታ ገደሉ ውስጥ ይገባል፣ ዋሻው አፍ ላይ። በቀኝ ተቀመጡ። ባቡሩ ሲታጠፍ የፊቱን ፉርጎ ከኋላ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ከፍተኛው ጣቢያ ኦስፒሲዮ በርኒና 2,253 ሜትር ነው፣ እናትሽን አያስፈራም። እዚያ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ናቸው፣ ጥቁሩና ነጩ ይሏቸዋል። የጥቁሩ ውኃ በዳኑብ አድርጎ ጥቁር ባሕር ይገባል፣ የነጩ በፖ ወንዝ በኩል አድሪያቲክ ይገባል። በመሐላቸው ያለውን ቦታ አንድ ሰው በእግሩ ደቂቃ ሳይፈጅ ያቋርጠዋል። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚህ የገረመኝ የለም።

ነገር ግን ለእናትሽ ሩቅ ነው። ከቪንተርቱር እስከ አልፕ ግሩም፣ ከኦስፒሲዮ በርኒና ቀጥሎ እስካለው ጣቢያ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ደርሶ መልስ ሲሆን ቀኑ በወንበር ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሪጊ ይቅደም። ሪጊ ከተሸፈነ ወደ እኛ ዙሩ፤ እናትሽ ከደከሙም ላንድቫሰርን ካለፋችሁ በኋላ ፊሊሱር ላይ ውረዱና ተመለሱ፣ ያም በቂ ነው። ባለ ሰፊ መስታወቱን ፈጣን ባቡር እንዳትይዢ። ተጨማሪ ገንዘብ አለው፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ ፎቶ ስታነሺ የራስሽን ፊት ታነሻለሽ። ተራው ባቡር በዚያው ሐዲድ ነው የሚሄደው። የቆዩት ፉርጎዎች መስኮታቸው ይከፈታል፤ በሞቃቱ ወራት በበርኒና በኩል ከአንዳንዱ ባቡር ጋር ጣሪያ የሌላቸው ቢጫ ፉርጎዎች ይቀጥላሉ፣ ነፋሱን ከቻላችሁት።

የአጎትሽን ልጅ በተመለከተ አጥብቄ እነግርሻለሁ። ቲራኖ ጣሊያን ነው። ኤፍ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከስዊዘርላንድ መውጣት አይችልም፤ ባቡሩ ላይ ጠባቂ አለመታየቱ አያታልለው። የመጨረሻው የስዊዘርላንድ ጣቢያ ካምፖኮሎኞ ነው። ያ ድንጋይ ድልድይ፣ ባቡሩ ክብ ሠርቶ በራሱ ሥር የሚያልፍበት የብሩሲዮው፣ ከዚያ በፊት ስለሆነ እሱ ምንም አይቀርበትም።

ፍልሰታውን ደግሞ ለምን አትጠብቂውም? ጾሙ በ16 ይፈታል፣ እናትሽ የሚሄዱት በ22 ነው። በመካከሉ ያለውን ቀን ያዢ። ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይሁን። እዚያ ተራራ ላይ የጾም ምግብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፣ ድንቹ እንኳ ቅቤ ነክቶታል። የሚበላ ነገር ግን በማንኛውም ቀን ከቤት ያዙ፤ ማንም አይከለክላችሁም፣ ስዊሶቹም የሚበሉት ከየቦርሳቸው ነው።

---

የሸዋዋ ከቪንተርቱር

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀን ትኬቱ ሪጊን እንደሚያካትት ማንም አልነገረኝም ነበር። ፈረቃዬን ከአንዲት የኤርትራ ልጅ ጋር ተለዋወጥሁ፤ ቀኑ ሐሙስ ሆነ፣ ከጾሙ መፈታት በኋላ። ለሦስታችንም ገዛሁ። የአጎቴ ልጅ ስለ ካምፖኮሎኞ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማና «ሪጊ ይሻላል» አለ።

ለእናቴ ሁሉንም አነበብሁላት። የጲላጦሱን ስትሰማ ሳቀች። የዩንግፍራውን አባት ወደደቻቸው፣ «ሰውየው ሥራ ያውቃሉ» አለች። የሁለቱን ሐይቆች ነገር ግን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ አሁን ሪጊ በደመና ቢሸፈን ደስ የሚላት መሰለኝ።

የቀረኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። ከሪጊ ጣቢያ እስከ ጫፉ ስንት ያስኬዳል? ደረጃ አለው? እና ጎርነርግራት እንዲሁ ይቅር ማለት ነው? የቫሌው ባልደረባዬ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

---

ከፊስፕ

ጎርነርግራት ይቅር አትበይ፣ ይቆይ በይ። የምኖረው ከመስመሩ ሥር ስለሆነ አድሎ አለብኝ። ሆኖም ከተጠቀሱት ሁሉ ጫፉ 3,089 ሜትር ደርሶ መንገዱን ማለት ይቻላል በሙሉ ከሰማይ በታች የሚሄደው እሱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ሲከፈት ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ከዘርማት በሠላሳ ሦስት ደቂቃ ትወጣላችሁ፣ በቀኝ የተቀመጠ ማተርሆርንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያያል። ላይ ስትደርሱ ደግሞ የአገሪቱ ትልቁ ተራራ፣ 4,634 ሜትር፣ ከበረዶው ማዶ ነው። ዘርማት ውስጥ የነዳጅ መኪና ስለማይገባ ለእናቶች መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ከቪንተርቱር ግን አንድ ሌሊት ማደር ይጠይቃል። እናትሽ በሌላ ጊዜ ሲመጡ እኔ ዘንድ ይደሩ፣ ቤት አለ።

---

ወጥ ቤት ሉሴርን

እትዬ ከፈረዱልኝ በቃ፣ ከእንግዲህ አልከራከርም።

የጠየቅሽውን ልመልስ። ከሪጊ ኩልም ጣቢያ እስከ ጫፉ አጭር ዳገት ነው፣ ለእናትሽ እያረፉ ሩብ ሰዓት በይው። ሰፊና የተስተካከለ መንገድ ስለሆነ በደረጃ መውጣት አያስፈልጋችሁም። ጉልበታቸው ካልፈቀደ ጣቢያው አጠገብ ካለው ሆቴል በረንዳም ሐይቁም ተራሮቹም ይታያሉ። በአርት-ጎልዳው በኩል ስትወርዱ ማዶ ያለውን ተራራ ተመልከቱ፤ ጎኑ እንደ ተላጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 ከዚያ ተንዶ የወረደው ድንጋይ የጥንቱን ጎልዳው ከ450 በላይ ሰዎች ጋር ቀበረው። ባቡሩ የሚቆመው በዚያ ፍርስራሽ ላይ በተሠራችው ከተማ ነው።

ሌላ፣ ለእናትሽ የሚሆን ወሬ። ሪጊ በአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር ነው፤ ኒክላውስ ሪገንባኽ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 1871 በገዛ ልደቱ ዕለት አስመረቀው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል መሰላል የመሰለ ብረት አጋድሞ፣ ጥርሳሙ መንኮራኩር እርከኑን እየቆጠረ እንዲወጣ አደረገ። መጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ድረስ አልደረሰም፤ ተራራው የሁለት ካንቶን ስለሆነ ሉሴርን ወሰን ላይ ቆሞ ነበር፣ ወደ ላይ ያለፈው ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

---

እትዬ ከኩር ማዶ

ማንም ሳይፈርድለት ፈረዱልኝ ይላል! ደመና ይሁንና እናያለን።

ልጄ፣ እናትሽ ለገሃርን ካነሡልሽ አንድ ነገር ንገሪያቸው። ፍራውንፌልድ ከእናንተ ከቪንተርቱር በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ከጅቡቲ የሚመጣውን ባቡር የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት ለአልፍሬድ ኢልግ፣ የፍራውንፌልድ ተወላጅ ለሆነው መሐንዲስ ነበር። ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው። ኢልግ በ1916 ዙሪክ ውስጥ ሞተ፣ አዲስ አበባ መግባቱን አላየም። የቁልቢው ጉዞ የተጀመረው ከእናንተ ጎረቤት ነው ማለት ነው።

ስለ ሐሙስ። ከቪንተርቱር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ተነሡ፤ በመጀመሪያዎቹ መርከቦች ከደረሳችሁ ደመናው ሳይሰበሰብ ላይ ትሆናላችሁ። ካሜራውን ስትነሺ ብቻ ሳይሆን ዙሪክ ስትደርሺም እንደገና እዪው፤ ለሉሴርንና ለኩር መንገዱ የሚለየው እዚያ ነው፣ ከዚያ በኋላ መመለስ ጊዜ ይበላል። በፊትስናው ባቡር በግራ ተቀመጡ፣ ሐይቁ በግራ ነው። የእናትሽን መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ያዢ እንጂ የአጎትሽ ልጅ ቦርሳ ውስጥ እንዳታስቀምጪው፤ ወጣት ፎቶ ላነሣ ብሎ ይጠፋል። ጋቢም ይያዝ፣ የመርከቡ ነፋስ ከተራራው ይብሳል።